ወደ አጥንት የሚወርድ የጆሮ ደዌና የኦክሲጅን ፈውስ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር የሚገኘውን ታላቅ ሆስፒታል ዛሬ ሕዝቡ በአጭሩ አለርት ብሎ ይጠራዋል፤ ሰፈሩ ራሱ ግን ስሙን የወረሰው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ መታሰቢያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ አዲስ አበባ ገና ወደ ምዕራብ ሳትሰፋ፣ ከከተማው ወጣ ባለው በዚህ ስፍራ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የታነጸው ቤት በእርሳቸው ስም ተሰይሞ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1965 ይኸው ስፍራ ከልዩ ልዩ አገሮች ለሚመጡ ሐኪሞች የሥጋ ደዌ ሕክምና ማስተማሪያ ማዕከል ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ በአጠገቡ፣ የዚያን ደዌ ተሕዋስ እ.ኤ.አ. በ1873 ባገኘው በኖርዌጃዊው ሐኪም ስም፣ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመሠረተ።

የዘነበወርቅ ሆስፒታል ሥራውን በጀመረበት በዚያው ዘመን፣ እጅግ በራቀው በብራዚል አገር፣ አልቫሮ ኦዞሪዮ ዴ አልሜይዳ የተባለ የሰውነትን ሥራ የሚመረምር ሊቅ፣ በዚሁ በሥጋ ደዌ የተያዙ ሕሙማንን በብረት ክፍል ውስጥ እያስገባ፣ በጽኑ ግፊት የታመቀ ኦክሲጅን ያስተነፍሳቸው ነበር፤ ከባልደረባው ከኮስታ ጋር ስለዚሁ ነገር የጻፈውም እ.ኤ.አ. በ1938 ታትሞ ወጣ። ሥጋ ደዌን በመጨረሻ ያንበረከከው ኦክሲጅን አልነበረም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአንድነት እንዲወሰዱ የመከራቸው መድኃኒቶች ናቸው፤ የእነዚህም መድኃኒቶች ኅብረት በብዙ ሕሙማን ላይ ለዓመታት ከተመረመረባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው አለርት ነው። ኦክሲጅንን በግፊት የማስተንፈሱ አሳብ ግን ከዚያ ሙከራ ጋር አብሮ አላለፈም፤ ከባሕር ጥልቀት በፍጥነት ወጥተው ለሚታመሙ ጠላቂዎች፣ በከሰል ጢስ ለተመረዙ ሰዎች፣ አልድን ላለ ቁስልና ለአጥንት መግል ሲሞከር ቆይቶ፣ በኋላ ስኳር ያለባቸውን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ለሚያጠቃ ለአንድ ጽኑ የጆሮ ደዌም ረዳት ሆኖ ቀረበ።

የዚህ ምዕራፍ ነገር ያ የጆሮ ደዌ ነው፤ ስለ እርሱም በሰፊው መጻፍ ያስፈለገኝ፣ በሽታው ብዙ ሰው የሚይዝ ስለ ሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ጥቂቱን ብቻ የሚይዝ ነው፤ ነገር ግን የያዘውን ሰው በቀላል የጆሮ ሕመም መልክ እያታለለ ጊዜውን ስለሚቀማው ነው። የጆሮ ሕመም በእኛ ዘንድ በቤት ውስጥ ከሚታከሙት ሕመሞች አንዱ ነው፤ ጤና አዳም ጨምቆ ማንጠብ፣ ቅቤ አሙቆ ማፍሰስ፣ ኩኩን በላባ ወይም በክብሪት እንጨት መጎርጎር ከአያት የተወረሰ ልማድ ነው፤ ብዙዎቹ የጆሮ ሕመሞችም በራሳቸው ጊዜ የሚበርዱ በመሆናቸው ልማዱ ጸንቶ እስከ ዛሬ ቆይቷል።

የጆሮ ቦይ ከደጅ እስከ ታምቡሩ ድረስ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ወደ ውጭ ያለው አንድ ሦስተኛ በልም አጥንት፣ ወደ ውስጥ ያለው ሁለት ሦስተኛ ደግሞ በእውነተኛ አጥንት የተከበበ ነው፤ በአጥንቱ ላይ የተዘረጋው ቆዳም እጅግ ስስ ስለ ሆነ፣ ከበላዩ የደረሰ ጉዳት ወደ አጥንቱ ለመድረስ ሩቅ መንገድ አይጠብቀውም። ውሃ ገብቶ ሲያረጥበው ወይም እንጨት ገብቶ ሲልጠው፣ ተሕዋስያን በዚያ በኩል ገብተው ቆዳውን ያሳብጡታል፤ ይህ የተለመደው የውጭ ጆሮ ቁስል ነው፤ በጠብታ መድኃኒትና በንጽሕና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይድናል። ነገር ግን ሰውየው ለብዙ ዘመን በስኳር በሽታ የኖረ፣ ወይም ኤችአይቪ ወይም የካንሰር መድኃኒት የሰውነቱን መከላከያ ያደከመበት እንደ ሆነ፣ ያው ቁስል ሌላ ባሕርይ ይይዛል።

ስኳር ያለበትን ሰው ጆሮ ለዚህ የሚያጋልጡት ነገሮች ከአንድ በላይ ናቸው። የደም ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲኖር ረቂቃኑ የደም ሥሮች ግድግዳቸው ይወፍርና ደም በሚገባ አያሳልፉም፤ ከተሕዋስያን ጋር የሚዋጉት ነጫጭ የደም ሕዋሳት ይዳከማሉ፤ በጤነኛ ሰው ዘንድ በኮምጣጣነቱ ጆሮን የሚጠብቀው ኩክ እንኳ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል። በዚህ በር የሚገባው ብዙውን ጊዜ ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ በውሃና በእርጥብ ስፍራ ሁሉ የሚኖር፣ ጤነኛውን ሰው የማይደፍር፣ የደከመውን ግን የሚያጠቃ ተሕዋስ ነው። ከቦዩ ወለል ልም አጥንቱና አጥንቱ ከሚጋጠሙበት ዘንድ ይጀምርና፣ በልም አጥንቱ ውስጥ በተፈጥሮ ባሉት ስንጥቆች በኩል ሾልኮ ወደ ራስ ቅል ወለል ይወርዳል።

የራስ ቅል ወለል ደግሞ ለአንጎል መቀመጫ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ነርቮችና ታላላቅ የደም ሥሮች የሚያልፉባቸው ብዙ ቀዳዳዎች ያሉበት ስፍራ ነው። ከጆሮው በታች ካለችው ትንሽ ቀዳዳ የፊት ነርቭ ይወጣል፤ ደዌው እዚያ ሲደርስ የሰውየው ፊት በአንድ ወገን ይጣመማል፤ ዓይኑ አልከደን፣ ከንፈሩ አልሰበሰብ ይላል። ከዚያ አልፎ ወደ ታላቁ የደም ሥር መውጫ ሲጠጋ የመዋጥና የድምፅ ነርቮችን ይነካል፤ ሕመምተኛው ውሃ ሲጠጣ ትን ይለዋል፣ ድምፁም ይጎረንናል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው የአንጎል ሽፋንና በውስጡ ያሉት የደም ሥሮች ናቸው፤ ሞትም የሚመጣው በዚያ በኩል ነው።

ስለዚህ በሽታ ሜልትዘርና ኬሌመን የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1959 ጻፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ቻንድለር የተባለ አሜሪካዊ የ13 ሕሙማንን ታሪክ ሰብስቦ ራሱን የቻለ ደዌ መሆኑን አስረዳ፤ ከእነዚያም ሕሙማን ወደ ግማሽ የሚጠጉት ሞተው ስለ ነበር፣ ካንሰር ሳይሆን እንደ ካንሰር የሚከፋ ነው ብሎ አደገኛ የውጭ ጆሮ ቁስል ሲል ሰየመው። ዛሬ ሐኪሞች የራስ ቅል ወለል የአጥንት ቁስል ማለትን ይመርጣሉ፤ ሕመምተኛውም ካንሰር ያዘኝ ብሎ እንዳይደነግጥ ይህ የተሻለ ነው፤ ይሁን እንጂ እውነተኛ የጆሮ ካንሰር በዚሁ መልክ ሊመጣ ስለሚችል፣ ከቦዩ ውስጥ የበቀለውን ሥጋ ቆርሶ በአጉሊ መነጽር መመርመር ፈጽሞ የማይታለፍ ሥርዓት ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ በቤቴል ወይም በዓለም ባንክ አካባቢ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ ዓመት ያለፈ፣ ስኳር ያለባቸው አንድ አባት አሉ እንበል። ጆሮአቸውን ያሳክካቸዋል፤ በክብሪት እንጨት ይነኩታል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ይመግላል። ልጃቸው፣ “አባዬ፣ ብርድ ነው፣ ይለፍዎታል” ትላለች፤ ከመድኃኒት ቤት ጠብታ ይገዛል፤ መግሉ ይቀንሳል፣ ሕመሙ ግን ይብስበታል። ቀን ቀን በሥራና በጨዋታ ሲረሱት ይውላሉ፤ ሌሊት ግን ከእንቅልፍ ያስነሣቸዋል፣ ወደ መንጋጋና ወደ ጆሮ ግንድ እየተሠራጨ ያድራል። ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ስለ ጆሮአቸው ይናገራሉ፤ ስኳር እንዳለባቸው ግን፣ ከጆሮ ጋር ምን አገናኘው ብለው፣ ሳያነሡት ይቀራሉ። በዚያ የተቀመጠው ጤና ባለሙያ፣ “አባባ፣ ስኳር አለብዎት ወይ? ሌሊትስ ያስነሣዎታል?” ብሎ ሁለቱን ጥያቄ አከታትሎ ቢጠይቅ፣ ሰውየው ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም በዚያው ሳምንት ይላካሉ፤ ባይጠይቅ ግን ሌላ ጠብታ ይታዘዝላቸዋል፤ ወደ ሆስፒታል የሚደርሱትም ፊታቸው ከተጣመመ በኋላ ይሆናል።

በዘነበወርቅ ስለ ሕመም የተማሩት ነገር እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባዋል። ፖል ብራንድ የተባለው የእጅና የእግር ቀዶ ሕክምና ሊቅ፣ በሕንድ አገር ብዙ ዘመን ሠርቶ፣ አለርትን ለመመሥረት ከደከሙት አንዱ የነበረ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ጣቶቻቸውን የሚያጡት ደዌው በቀጥታ ስለሚበላቸው ሳይሆን ሕመም የሚሰማው ነርቭ ስለሚሞትባቸው መሆኑን አስተምሯል፤ እሳቱ ሲያቃጥላቸው፣ ጫማው ሲልጣቸው አይሰማቸውምና። በስኳር ሕመምተኛም እግር ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው፤ ቁስሉ ሳይታወቅ ይከፋል። የጆሮው ደዌ ግን በተቃራኒው ይጮኻል፤ የሚታየው ቁስል ትንሽ፣ የሚሰማው ሕመም ግን እጅግ ብዙ ነው። በዚህ በሽታ ላይ ሕመሙ ከሚታየው ቁስል ጋር አለመመጣጠኑ ራሱ ዋናው ምልክት ነው፤ ሐኪምም ሆነ ቤተሰብ፣ ሽማግሌው አበዛው ሳይል፣ የሕመምተኛውን ቃል እንዳለ ሊቀበለው ይገባል።

ሕክምናው በመሠረቱ የታወቀ ነው። የደም ስኳርን ማውረድ፣ የጆሮውን ቦይ በሐኪም እጅ ማጽዳት፣ መግሉን አስመርምሮ ተሕዋሱን ማወቅ፣ አጥንቱ የቱን ያህል እንደ ተጎዳ በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ማየት፣ ከዚያም ሱዶሞናስን የሚገድል መድኃኒት ለረጅም ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው እንክብል ወደ ሕክምና ሲገባ የዚህ በሽታ ታሪክ ተለወጠ፤ ቀድሞ በሆስፒታል ተኝቶ በመርፌ ብቻ ይሰጥ የነበረውን ሕክምና ብዙ ሰው በቤቱ በአፍ ሊወስደው ቻለ፤ የሞቱም ብዛት በእጅጉ ቀነሰ። ይኸው ሲፕሮ ግን ለተቅማጡም፣ ለሽንት ሕመሙም፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከየመድኃኒት ቤቱ እየተገዛ ለሦስት ቀን ተውጦ ስለሚተው፣ ሱዶሞናስ እየለመደው ሄዷል፤ ይህ በዓለም ሁሉ የታየ ነገር ነው፤ የዚህን አንድ መድኃኒት ክብር መጠበቅ የጆሮ አጥንታቸው ለቆሰለባቸው አረጋውያን ከብዙ አዲስ መሣሪያ ይልቅ የሚጠቅም መሆኑን አምናለሁ።

መድኃኒቱ ሁልጊዜ የማይበቃበትን ምክንያት ስንመረምር ነው ወደ ኦክሲጅን የምንመጣው። የቆሰለ አጥንት ያበጠ ነው፤ ያበጠ አጥንት ደግሞ በውስጡ ያሉትን ረቂቃን የደም ሥሮች ያንቃል፤ ደም ባልደረሰበት ዘንድ መድኃኒትም፣ ነጭ የደም ሕዋስም፣ ኦክሲጅንም አይደርሱም። በጥንቸሎች ላይ በተደረገ ምርመራ በቆሰለ አጥንት ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ግፊት ከ25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም ከጤነኛው አጥንት ግማሽ ያህሉ ነው። ነጭ የደም ሕዋስ ተሕዋስን ከዋጠው በኋላ የሚገድለው ከኦክሲጅን በሚሠራው መርዝ ስለ ሆነ፣ ኦክሲጅን ባጣ ስፍራ ጠላቱን ይውጠዋል እንጂ አይገድለውም። ሱዶሞናስ ራሱ በአየር የሚኖር ተሕዋስ በመሆኑ ኦክሲጅን በቀጥታ አይገድለውም፤ ኦክሲጅኑ የሚረዳው ነጩን ሕዋስ፣ አዲስ የደም ሥር የሚያበቅለውን ሥጋ፣ የሞተውን አጥንት የሚያነሣውን ሕዋስ፣ እንደዚሁም ያለ ኦክሲጅን ወደ ባክቴሪያው ውስጥ ሊገቡ የማይችሉትን እንደ ጄንታማይሲን ያሉትን መድኃኒቶች ነው።

አሁን ይህ ኦክሲጅን የሚመጣበትን አየር እንመልከት። ኮልፌ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ነው፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በዚያ ሰባት መቶ ስድሳ የሚሆነው ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በዚህ አምስት መቶ ሰባ ገደማ ይሆናል። ከአየሩ ውስጥ ኦክሲጅን በሁለቱም ስፍራ 21 በመቶ ነው፤ ግፊቱ ስለሚያንስ ግን በእያንዳንዱ እስትንፋስ የሚገባው ይቀንሳል። የደጋ ሰው ይህን ችሎ መኖሩ ከጥንት የታወቀ ነው፤ ሲንቲያ ቢል የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦችዋ ጋር በሰሜን ተራሮች፣ በአምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩትን አማሮች መርምራ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ የእነዚህ ሰዎች ደም እንደ አንዲስ ተራራ ሰዎች ሳይወፍር፣ የኦክሲጅን መጠኑም ሳይጎድል፣ ልክ በቆላ እንደሚኖር ሰው ደም ሆኖ መገኘቱን አሳይታለች። ስለዚህ የአዲስ አበባ ከፍታ ለጤነኛው ነዋሪ መከራ አይደለም፤ ለቆሰለ አጥንት ያለው ትርፍ ግን ጠባብ መሆኑ አይካድም።

ደማችን ኦክሲጅንን የሚሸከመው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው ሄሞግሎቢን በተባለው ቀይ ነገር ሲሆን፣ ሁለተኛው በደሙ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ነው። ሄሞግሎቢኑ ተራውን አየር ስንተነፍስ እንኳ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው በመሆኑ፣ ኦክሲጅን ቢጨመርለትም ብዙ አይቀበልም። የሟሟው ግን ወሰን የለውም፤ ግፊቱ በጨመረ መጠን ይጨምራል፤ ይህንንም ሕግ እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1803 አስረድቷል። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሳይከፈት ጋዙ በግፊት ሟሙቶ ውሃው ጸጥ ብሎ ይታያል፤ ክዳኑ ሲነሣ ግፊቱ ይወድቅና ጋዙ አረፋ ሆኖ ይወጣል፤ በደማችንም የሚሆነው ይኸው ነው። በባሕር ጠለል ተራ አየር የሚተነፍስ ሰው በእያንዳንዱ መቶ ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ የሚሟሟለት ኦክሲጅን 0.3 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ንጹሕ ኦክሲጅን በሦስት እጥፍ የባሕር ጠለል ግፊት ሲተነፍስ ግን ወደ ስድስት ሚሊ ሊትር ይደርሳል፤ ይህም ያረፈ ሰውነት ለሚያስፈልገው ሁሉ የሚበቃ ነው። ሆላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ቡሬማ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ሙከራ ከአሳማዎች ደም ቀዩን ሕዋስ ሊያልቅ እስኪደርስ ድረስ አውጥቶ፣ በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ በሕይወት እንዳቆያቸው የሐኪሞች ዓለም በመደነቅ ሰማው።

የክፍሉ ሕክምና እንግዲህ እንዲህ ነው። ሕመምተኛው ብቻውን በሚተኛበት ጠባብ ክፍል ወይም ብዙ ሰው በሚቀመጥበት ሰፊ ክፍል ውስጥ ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ ግፊቱ ቀስ እያለ ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል የባሕር ጠለል ግፊት ይደርሳል፤ እርሱም ንጹሕ ኦክሲጅን እየተነፈሰ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይቆያል፤ ይህ በየቀኑ እየተደገመ ለአጥንት ቁስል ከ20 እስከ 40 ጊዜ ይደርሳል። በዚያ ባነሣሁት የጥንቸሎች ምርመራ በቆሰለው አጥንት ውስጥ የነበረው የኦክሲጅን ግፊት በክፍሉ ውስጥ ከ100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ከፍ ብሏል፤ ነጩ ሕዋስ ሥራውን ለመሥራት የሚያስፈልገው ከዚህ ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ ለአዲስ አበባ ሰው ልዩ የሆነ አንድ ነገር አለ፤ እኔም ሰፋ አድርጌ ልገልጠው እወዳለሁ። የክፍሉ ግፊት የሚቈጠረው ከባሕር ጠለል እንጂ ክፍሉ ከቆመበት ምድር አይደለም። በባሕር ዳርቻ ያለ ሐኪም 2.4 ለመድረስ በአካባቢው አየር ላይ 1.4 ይጨምራል፤ በኮልፌ ከፍታ ያለ ሐኪም ግን የሚነሣው ከሦስት አራተኛ ስለ ሆነ 1.65 ያህል መጨመር አለበት። ይህን ያልተገነዘበ ሰው ከባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ መመሪያ ይዞ መሣሪያውን ቢነዳ ሕመምተኛው ከታዘዘለት ያነሰ ያገኛል። ይልቁንም በብዙ አገር ለውበትና ለብርታት እየተባለ የሚሸጠው፣ እንደ ድንኳን በአየር የሚነፋው ለስላሳ ክፍል፣ ከአካባቢው አየር በላይ የሚጨምረው ከአንድ ሦስተኛ ያነሰ ነው፤ እንዲህ ያለው በአዲስ አበባ ላይ ተነፍቶ አንድ ሰው ቢገባበትና ተራውን አየር ቢተነፍስ፣ ያገኘው ነገር ወደ ጅቡቲ ወርዶ የሚተነፍሰውን አየር ነው። ይህ ሕክምና ተብሎ ገንዘብ ሊከፈልበት አይገባም፤ ለአጥንት ቁስልም ምንም አይረዳም። በአልጋ ላይ ተኝቶ በጭንብል ኦክሲጅን መቀበልም፣ ለሳንባ ሕሙማን ነፍስ አዳኝ ቢሆንም፣ የክፍሉን ሥራ አይሠራም።

ደግሞም ከሕመምተኛው ጋር በሰፊው ክፍል ውስጥ የሚገባው ነርስ ተራ አየር በግፊት ስለሚተነፍስ በደሙ ናይትሮጅን ይሟሟል፤ ወደ ባሕር ጠለል አየር ከሚወጣበት ይልቅ ወደ ሳሳው የደጋ አየር ሲወጣ አረፋው የመፈጠር ዕድሉ ይበልጣል፤ ስለዚህ በደጋ ምድር ላይ እንዲህ ያለ ክፍል የሚያቆም ሁሉ የመውጫውን ሰዓት ለከፍታው አስልቶ ማርዘም ግዴታው ነው።

ሌሎቹ አደጋዎች በሁሉም ስፍራ አንድ ናቸው። ከሁሉ የሚበዛው የመካከለኛ ጆሮ በግፊት መጎዳት ነው፤ የጆሮውን ግፊት በመዋጥ ወይም አፍንጫን ይዞ በመንፋት ማስተካከል ለተሳነው ሰው፣ ይልቁንም ጆሮው ለታመመ፣ ታምቡሩን በስቶ ትንሽ ቱቦ ማስገባት ያስፈልግ ይሆናል። የስኳር ሕመምተኛ በክፍሉ ውስጥ ሳለ ስኳሩ ሊወድቅበት ስለሚችል ከመግባቱ በፊት ይለካለታል። ፖል በርት የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1878 እንዳስረዳው ብዙ ኦክሲጅን አንጎልን አስቈጥቶ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚደርስ ነው፤ ኦክሲጅኑ ሲቆም ይቆማል። እሳት ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 በኢጣሊያ በሚላኖ ከተማ በአንድ ሆስፒታል ክፍል ውስጥ በተነሣ እሳት 11 ሰዎች አልቀዋል።

ለጆሮው ደዌ ይህ ሕክምና ምን ያህል ረዳ? ሜደርና ላቭ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ ሕመምተኛ በዚህ ታክሞ እንደ ተረዳ ጻፉ፤ ዴቪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 የ16 ሕሙማንን ታሪክ አቅርበው ውጤቱን በጎ ብለው ዘገቡ፤ ከዚያም በኋላ ከልዩ ልዩ አገሮች ጥቂት ጥቂት ሕሙማንን የሚያወሱ ጽሑፎች ወጥተዋል። ነገር ግን እነዚያ ሕሙማን ሁሉ ከኦክሲጅኑ ጋር መድኃኒቱንም ይወስዱ ነበርና ያዳናቸው የትኛው እንደ ሆነ መለየት አይቻልም፤ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ መዛኝ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው፣ በኋላም አድሶ ባሳተመው ምርመራ፣ ሕሙማንን በዕጣ ከሁለት ከፍሎ ይህን ሕክምና የፈተነ አንድም ጥናት አላገኘም። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፤ በአሳብ ደረጃ ጽኑዕ መሠረት ያለው፣ በማስረጃ ደረጃ ገና ያልተረጋገጠ ረዳት ነው፤ በሚገባ የተመረጠ መድኃኒት በሙሉ መጠኑ ተሰጥቶት እየባሰበት ለሚሄድ፣ ወይም ደዌው ወደ ነርቮቹ ለደረሰበት ሰው፣ ክፍሉና የሠለጠነ ሐኪም ባሉበት ቢታሰብ ያስመሰግናል፤ መድኃኒቱንና የስኳሩን ሥርዓት ትቶ ግን ክፍሉን የሚፈልግ ሰው መሠረቱን ጥሎ ጣራውን እንደሚይዝ ይሆናል።

በዚህ ምክንያት አንድ ቤተሰብ ለዚህ በሽታ ሲል ቤቱን ሸጦ፣ የዘመድ አዝማዱን ገንዘብ ሰብስቦ ወደ ባሕር ማዶ ለመሄድ ከመነሣቱ በፊት፣ ከከአንገት በላይ ሐኪሙ ጋር ተቀምጦ የሚከተለውን እንዲጠይቅ እመክራለሁ፤ መግሉ ተመርምሮ ተሕዋሱ ታውቋል ወይ? ካንሰር አለመሆኑ በምርመራ ተረጋግጧል ወይ? ስኳሩ ወርዷል ወይ? መድኃኒቱስ ሳምንታቱ ሳይቋረጡ ተወስዷል ወይ? ከእነዚህ አንዱ ሳይፈጸም ከቀረ፣ የቀረው እርሱ ነው እንጂ ኦክሲጅኑ አይደለም።

ደዌው በብዙ ሰው ላይ ሳይድን የሚመለሰው ሕመሙ እንደ ቆመ መድኃኒቱ ስለሚተው ነው። አጥንት ከቆዳ ይልቅ ዘግይቶ ይድናል፤ ጆሮው ደርቆ ሕመሙ ጠፍቶ ሳለ በራስ ቅሉ ወለል ያለው ቁስል ገና ሕያው ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች የደም ምርመራ እየደጋገሙ፣ ኢኤስአር የሚባለውን ቁጥር መውረዱን እየተከታተሉ መድኃኒቱን የሚያስቀጥሉት ስለዚህ ነው። ብዙ ወራት መድኃኒት ሳይሰለቹ የወሰዱ የሥጋ ደዌና የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ከዘነበወርቅ ድነው እንደ ወጡ የዚያ ሰፈር ሰው ያውቃል፤ የጆሮ አጥንቱ የቆሰለበትም ሰው የሚጠየቀው ይኸው ጽናት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ስኳር ያለበት ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካለ፣ ጆሮአቸውን በእንጨትም በላባም እንዳይጎረጉሩ፣ ውሃም በቤት እንዳይረጭበት ለምናቸው፤ ሐኪምም ውሃ በመርጨት ሊያጥብላቸው ሲነሣ ስኳር እንዳለባቸው አስቀድመህ ንገረው፤ እንዲህ ካለ መታጠብ በኋላ ይህ ደዌ የተነሣባቸው ሕሙማን በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግበዋልና። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሣ፣ ከአንድ ሳምንት በላይ የቆየ፣ በጠብታ ያልበረደ የጆሮ ሕመም ከያዛቸው ግን ፊታቸው እስኪጣመም አትጠብቅ፤ በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዳቸው፤ ስኳር እንዳለባቸውም ከሁሉ አስቀድመህ ተናገር፤ ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም እንዲልኳቸውም ጠይቅ።